«ክረምቱ ከመጣ፣ ፀደዩ ይርቃል ወይ?» የባሕር ማዶ የፀደይ ግጥሞችን ወደ አማርኛ ስንመልስ

ብራና

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የውጭ አገር የፀደይ ግጥም ወደ አማርኛ ለምትመልሱ አንድ ጥያቄ አለኝ። (በዚህ ክር የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ሼሊ በ1819 ጽፎ በ1820 ያሳተመው የምዕራብ ነፋስ ግጥም የሚያበቃው በጥያቄ ነው፦ ዊንተር ከመጣ ስፕሪንግ ሩቅ ሊሆን ይችላል ወይ? ይላል። መዝገበ ቃላት «ዊንተር»ን ክረምት፣ «ስፕሪንግ»ን ፀደይ ይለዋል። በወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም (ቀለም አንድ አናባቢ ያለው ድምፅ ነው) አድርጌ እንዲህ መለስኩት፦

ክረምቱ ከመጣ፣ ፀደዩ ይርቃል ወይ?

ልኩ ሞልቷል። ሐሳቡ ግን ተገልብጧል። በባሕረ ሐሳብ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው፤ ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26። ፀደይ ከክረምት ይቀድማል እንጂ አይከተልም። ክረምት ዛሬ ገባ ካልን ፀደይ ገና ዘጠኝ ወር ይቀረዋል። ሼሊ «አይርቅም» እንድንለው የጠየቀውን አማርኛው «አዎ፣ ይርቃል» ያሰኛል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ዘመነ ጽጌ

ጥያቄው ተገቢ ነው። መጀመሪያ ቀኖቹን እናስቀምጥ፦ መፀው መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል፤ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፤ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። በመፀው መጀመሪያ ያሉት አርባ ቀናት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ የአበባ ዘመናችን ያለው መፀው ላይ ነው። አውሮፓዊው ስፕሪንግ ግን በቀን ቆጠራ የሚገጥመው ከፀደይ ጋር ነው፤ መጋቢት 26 ማለት ኤፕሪል 4 ነው። ቀኑን ካከበርን ስሜቱ ይቀርብናል፣ ስሜቱን ካከበርን ቀኑ። ተርጓሚ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ጥንዱን ይተርጉም እላለሁ። ግጥሙ ውስጥ ስፕሪንግ ብቻውን ነው ወይስ ከዊንተር ጋር ተጣምሮ? ከተጣመረ ሁለቱን አንድ ላይ ወስኑ። «ክረምት» ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ በአንባቢው ልብ ክረምትን የሚከተለው መስከረም ነው። ልጆች «እዮሃ አበባዬ፣ መስከረም ጠባዬ» ሲሉ የሚያወጁት ይህንኑ ጥንድ ነው።

የሸዋ ልጅ

ወንድሜ ዘመነ ጽጌ፣ ቀኖቹ ትክክል ናቸው፤ ግን ዛሬ ብዙ ሰው «ፀደይ» ሲል የሚያስበው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ነው። «መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት» ብትለው «እሱማ በልግ ነው» ይልሃል። ለዚያ አንባቢ የብራና ስንኝ ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ ቃሉ አንባቢውን ለሁለት መክፈሉ ነው፦ ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር፣ ግማሹ ከሬዲዮና ከትምህርት ቤት ያገኘው።

ደግሞ የ1968ቱ «የፕራግ ፀደይ»፣ ከ2010 መጨረሻ የተነሣው «የዐረብ ፀደይ» በጋዜጣ ገብተው ጸንተዋል። በእነዚህ ውስጥ ፀደይ የትኛውም ወር ሳይሆን «ከጭቆና በኋላ የመጣ ተስፋ» ሆኗል። ይህን የተገኘ ትርጉም መጣል ያሳዝናል።

ዘመነ ጽጌ

አንጥለው። ግን የተከፈለ ቃል በግጥም መዝጊያ ላይ፣ አንባቢ ቆሞ የሚያስብበት ቦታ ላይ ሲወድቅ አደጋ ነው። ስፕሪንግ በስድ ጽሑፍ ውስጥ አልፎ ሲሄድ «ፀደይ» በሉ፤ መግቢያችሁ ላይ በየትኛው ፀደይ እንደተጠቀማችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። መዝጊያ ላይ ግን ጥንዱን ፈትኑ።

ቁርዬ (አሽዶድ)

መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2ን ካላነሣን ይህ ክር ጎደሎ ነው። «ክረምት አለፈ፥ ዝናቡም አልፎ ሄደ» ይላል፤ ከዚያ አበባ ይታያል፣ የቁርዬ ድምፅ ይሰማል። የሰሎሞን አገር ዝናብ የሚዘንበው በብርድ ወራት ሲሆን የሚያቆመው በኒሳን አካባቢ፣ ማለትም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። እኛ አገር ዝናቡ የሚያቆመው መስከረም ላይ። ወሩ ስድስት ወር ተራርቆ እያለ ቃሉ አንዲት ፊደል ሳይነካ ገጠመ፤ ምክንያቱም ግጥሙ የወር ስም አልጠራም፦ ዝናብ፣ አበባ፣ ወፍ ብቻ።

በዕብራይስጡ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቃል «ስታቭ» ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ በዛሬው ዕብራይስጥ ደግሞ ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት ያመለክታል። ስለዚህ እስራኤል ያደገ ልጅ ቁጥሩን በዕብራይስጥ ሲያነብ «መኸር አለፈ» ያለ ሊመስለው ይችላል፤ የአማርኛው «ክረምት» ነው ሐሳቡን የሚያቃናለት። የወቅት ስም ተንሸራታች መሆኑ የእኛ ጣጣ ብቻ አይደለም።

ሌላም አለ። በዛሬው ዕብራይስጥ ፀደይ «አቪቭ» ይባላል። በኦሪት ዘጸአት እስራኤላውያን የወጡበት ወር «አቢብ» የተባለውም ይኸው ቃል ነው፤ መነሻው ያልደረቀ የገብስ ዛላ፣ እሸት ማለት ነው። ዘመናዊ የዕብራይስጥ ግጥም ስትመልሱ «አቪቭ»ን ሁልጊዜ በአበባ አትፍቱት፤ አንዳንዴ እሸት ይሻለዋል።

ሐመረ ቃል

የእንግሊዝኛውን መነሻ ልጨምር። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጻፈው ቾሰር የካንተርበሪ ተረቶቹን የሚከፍተው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ርዝመቱ 18 ስንኝ። የኤፕሪል ካፊያ የማርችን ድርቅ እስከ ሥሩ ሲወጋው፣ ነፋሱ ቡቃያውን ሲያነቃው፣ ወፎች ሲያዜሙ እያለ ይቀጥልና ዋናው ግሥ የሚመጣው በ12ኛው ስንኝ ነው፦ ያኔ ሰው ሁሉ ሊሳለም መሄድ ይናፍቃል።

አማርኛ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ «ሲ» ያለበትን ሐረግ አስቀድሞ ዋናውን ግሥ መጨረሻ የሚያቆም ቋንቋ ነውና። ግን ሁሉንም በ«ሲ» ካሰራችሁት አንባቢው ስድስተኛው ላይ ይደክማል። ቾሰር ራሱ «መቼ» የሚለውን በ1ኛውና በ5ኛው ስንኝ ብቻ ነው የጣለው። እናንተም ሁለት ምሰሶ አቁሙ፤ በመካከል ያሉትን በ«ና» እና በ«እየ» አያይዙ፤ በ12ኛው ላይ «ያኔ» ብላችሁ ዝጉ።

እዚህ ግጥም ላይ «መስከረም» ብሎ ማምጣት ጥፋት ነው። ደረቅ ማርች፣ ከዚያ የኤፕሪል ዝናብ፦ ይህ የበልግ ዝናብ ነው! የሰሜን ሸዋ ወይም የደቡብ ወሎ ገበሬ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በ7ኛውና በ8ኛው ስንኝ ፀሐይ የበግ መደብ ውስጥ ግማሽ መንገዷን ሄደች ይላል፤ «ኤሪስ» ብላችሁ አትጻፉ፣ «ሐመል» በሉ። ከሐመል እስከ ሑት ያሉትን ኮከቦች አንባቢያችን ከአውደ ነገሥት ያውቃቸዋል።

ኤሊየት በ1922 ያወጣው «ባድማው ምድር» ይህንኑ ኤፕሪል ገልብጦ ከወር ሁሉ ጨካኙ አለው። እዚያ ከባዱ ነገር የስንኙ አሰባበር ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ስንኞች አምስቱ የሚያበቁት ያልጨረሰ ግሥ ላይ ነው፤ ግሡ ተንጠልጥሎ ተሳቢው ወደ ታች ይወርዳል። በተለመደው የአማርኛ ቅደም ተከተል «ሊላክን ከሙት ምድር እያበቀለ» (ሊላክ የአበባ ቁጥቋጦ ነው) ካልን ስንኙ ይዘጋል፣ መንጠልጠሉ ይጠፋል። ግጥም ግሥን ማስቀደም ይፈቅዳልና እንዲህ ይሻላል፦

ሚያዝያ፣ ከወር ሁሉ ጨካኙ፣ እያበቀለ
ሊላክን ከሙት ምድር፣ እያደባለቀ
ትዝታን ከምኞት፣ እየነቀነቀ
የደነዘዙ ሥሮችን በፀደይ ዝናብ።

ጥንቃቄ፦ ኤፕሪልና ሚያዝያ አንድ አይደሉም። ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9 ላይ ነው የሚውለው። ለግጥሙ ግን ይበቃል።

ዋሽንት

ሐመረ ቃል፣ «እያደባለቀ» እና «እየነቀነቀ» ቤት መቱብህ። ኤሊየት እዚያ ቤት ሳይሆን የግሥ መድረሻ ድምፅ ነው የደጋገመው፤ ከ«እያበቀለ» ጋር ሦስቱም በግዕዝ፣ ማለትም በመጀመሪያው ረድፍ ፊደል ማለቃቸው ብቻውን ይበቃ ነበር። «እየነቀነቀ»ን «እያነቃነቀ» ብትለውም ያው ነው፤ «እየቀሰቀሰ» ብትል «ሰ» ትሆንና የተዘጋው ቤት ይከፈታል። ትርጉሙም ለሥር ይስማማል።

ሐመረ ቃል

«እየቀሰቀሰ» ይሻላል። ተቀብያለሁ።

ዋሽንት

ስለ ሀይኩ፣ ስለ ጃፓኑ አጭር ግጥም፣ ማንም አላነሣምና እኔ ልግባበት፤ በአማርኛ በብዛት የሚበላሸው እሱ ነውና። ሀይኩ 17 ድምፅ ነው፦ 5፣ 7፣ 5። ባሾ በ1686 የጻፈው የእንቁራሪቷ ግጥም በጃፓንኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦

ፉሩኢኬያ
ካዋዙ ቶቢኮሙ
ሚዙ ኖ ኦቶ

ፊደሎቹን ቁጠሩ። 5፣ 7፣ 5። በፊደላችን ስትጽፉት ጃፓንኛው አንድ ሳይጎድል ይቆጠራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ተነሥተው የአማርኛውንም በፊደል ሲቆጥሩ ነው። አማርኛ ውስጥ ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ አናባቢ የለውም። «እንቁራሪት» ስድስት ፊደል ነው፤ በአፍ ግን እን-ቁ-ራ-ሪት፣ አራት ቀለም። «ብርሃን» አራት ፊደል፣ ሁለት ቀለም። በተቃራኒው የሚጠብቅ ፊደል አንዱን ቀለም ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል እንጂ ቁጥር አይጨምርም። በፊደል የቆጠረ ሰው ስንኙ ሲነበብ አጥሮ ያገኘዋል። ስለዚህ በጭብጨባ ቁጠሩ፦ አንድ አናባቢ፣ አንድ ጭብጨባ።

አሮጌ ኩሬ፤
እንቁራሪት ዘለለች፤
የውሃ ድምፁ።

አ-ሮ-ጌ-ኩ-ሬ 5። እን-ቁ-ራ-ሪት-ዘል-ለ-ለች 7። የ-ው-ሃ-ድም-ፁ 5። ሁለተኛው ስንኝ በፊደል ቢቆጠር 10 ነበር።

በመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ያለው «ያ» መቁረጫ ቃል ነው፤ ትርጉም የለውም፣ ምስሉን አቁሞ ትንፋሽ ይሰጣል። «ኦ!» ወይም «አቤት!» አትበሉት። ስም ብቻውን ቁሞ ድርብ ሰረዝ ይበቃዋል።

የሸዋ ልጅ

ግን ይህ የፀደይ ግጥም መሆኑ የቱ ላይ ነው? ፀደይ አላለም፣ አበባ አላለም።

ዋሽንት

እንቁራሪቷ ራሷ ናት። የሀይኩ ሕግ አንድ የወቅት ቃል ይጠይቃል፤ «ኪጎ» ይሉታል፣ ቃሎቹ «ሳይጂኪ» በሚባል መዝገብ በየወቅታቸው ተደርድረዋል። እንቁራሪት የፀደይ ናት። «አበባ» ብቻውን ከተባለ የቼሪ አበባ ነው፣ ፀደይ። «ጨረቃ» ብቻውን ከተባለ ግን የፀደይ ሳይሆን ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው፤ በጭጋግ የደበዘዘች ጨረቃ ካለ ወደ ፀደይ ይመለሳል። የጥንት ባለቅኔዎች እንቁራሪትን ለድምፅዋ ነበር የሚያነሷት፤ ባሾ ዝም አሰኝቶ አዘለላት፣ ድምፁንም ለውሃው ሰጠው። የግጥሙ አዲስነት እዚያ ነው።

እኛ ጋ እንቁራሪት የምትጮኸው በክረምት ነው፤ የኩሬ፣ የጭቃ፣ የማታ ዝናብ ስሜት ትሰጣለች። ይህ ሊድን አይችልም፤ በግርጌ «በጃፓን የፀደይ ምልክት ናት» ብሎ አንድ መስመር ማስቀመጥ ነው። እንቁራሪቷን በአደይ አበባ የሚተኩ አይጠፉም። ያ ሌላ ግጥም ነው።

የሳይጂኪ ፀደይ የሚገባው ፌብሩዋሪ 4 አካባቢ፣ በእኛ ጥር 27 ግድም ነው፤ በረዶ ገና መሬት ላይ እያለ። በ905 ገደማ የተሰበሰበው የጃፓን የግጥም መድበል «ኮኪንሹ» የመጀመሪያ ግጥሙ ራሱ አሮጌው ዓመት ሳያልቅ ፀደይ ቀድሞ ገባ፤ ዓመቱን አምና እንበለው ወይስ ዘንድሮ እያለ ይጨነቃል። ብራና፣ ጥያቄህ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ብራና

«ዘለለች» ስንል ግን ወደ ውሃ መግባቷ አልተባለም፤ «ቶቢኮሙ» ዘሎ መግባት አይደል? ደግሞ አማርኛው አንዲት፣ ሴት፣ ያለፈ አድርጓታል።

ዋሽንት

ልክ ነህ። ጃፓንኛው አንድ ይሁኑ ብዙ፣ ወንድ ይሁን ሴት አይልም፤ የአማርኛ ግሥ ግን ባለቤቱን ሳይናገር አያልፍም። መግባቷን ኩሬውና የውሃው ድምፅ ከላይና ከታች ይዘውታል፣ ስለዚህ እሱን ትቻለሁ። «ዘላ ገባች» ካልን አራት ቀለም ይሆንና ስንኙ 8 ይገባል። ጾታውን ማምለጥ የሚቻለው ግሡን በስም በመተካት ነው፦ «የእንቁራሪት ዝላይ»፤ የን-ቁ-ራ-ሪት-ዝ-ላይ፣ 6። አንድ ይጎድላል፣ እንቅስቃሴውም ይሞታል። እኔ «ዘለለች»ን እመርጣለሁ።

ዘመነ ጽጌ

ግሡን በስም መተካት ግን የቻይናውን ዱ ፉ ያድነዋል። በ757 በአማፅያን በተያዘችው ቻንግአን ሆኖ የጻፈው የፀደይ ትይታ ስምንት ስንኝ ነው፣ እያንዳንዱ አምስት ቃል፣ በድምሩ 40። አገር ፈረሰ፣ ተራራና ወንዝ ግን አሉ፤ ከተማው ፀደይ ሆነ፣ ሣሩና ዛፉ ጠለቀ ብሎ ይጀምራል። ሣሩ የጠለቀው የሚረግጠው ሰው ስለጠፋ ነው። የአበባ ወቅት እዚህ ደስታ አይደለም፤ «ተስፋ ፈነጠቀ» ዓይነት ቃል የጨመረ ተርጓሚ ግጥሙን ገደለው።

ሦስተኛውና አራተኛው ስንኝ ቃል በቃል፦ ስሜት፣ ዘመን፣ አበባ፣ መርጨት፣ እንባ። ቁጭት፣ መለየት፣ ወፍ፣ ማስደንገጥ፣ ልብ። የሚያለቅሰው ማን ነው? ገጣሚው አበባ አይቶ ነው ወይስ አበባው ራሱ? ቻይንኛው አይወስንም፣ ሊቃውንቱም ሁለቱንም ያነባሉ። «አለቀስኩ» ወይም «አለቀሰ» ካልን አንዱን በር ዘጋን። በሰንጎ መገን ልክ፣ አምስት አምስት፦

ዘመኑ ከፋ፣ አበባው እንባ፤
መለየት መጣ፣ ወፉ ድንጋጤ።

ሁለተኛው ሐረግ ግሥ የለውም፣ እንባውም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቤት አለመምታቱ ስሕተት አይደለም፦ በዚህ ዓይነት ግጥም ቤት የሚመታው በ2፣ 4፣ 6፣ 8 ላይ ነው። 3ኛና 4ኛ ስንኝ ሊኖራቸው የሚገባው ትይዩነት ነው፤ ስም በስም፣ ግሥ በግሥ አንጻር። 2ኛውን ስትመልሱ ግን መጨረሻውን ከ«ድንጋጤ» ጋር ማስማማት ይኖርባችኋል።

ሐመረ ቃል

ስለ ዕፅዋትና ወፍ በአጭሩ። የቻይና የጥንት መዝሙራት መጽሐፍ (305 ግጥም ነው) ሙሽራይቱን ከሚያብብ ዛፍ ጋር የሚያነጻጽርበት ዝነኛ ግጥም አለው፤ ዛፉ ኮክ ነው። የራሳችን ቃል እያለ «ፒች» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። «ኡሜ» ወይም «ሜይ» የሚባለውን ግን «ፕሪም» አትበሉት፤ በበረዶ መካከል ቅጠል ሳያወጣ የሚያብብ ሌላ ዛፍ ነው፣ ስሙን እንዳለ ተዉት።

በፋርስ ግጥም «ቦልቦል» ሲመጣ አማርኛው «ቡልቡል» እንዳይሆን። ቡልቡል በየጓሯችን ያለች ሌላ ወፍ ናት። የፋርሱ በሌሊት የሚያዜመው ነው፤ «የሌሊት ዘማሪ» በቂ ነው። ሳዲ በ1258 የጻፈው «ጉሊስታን» መግቢያው ላይ ወሩን ኦርዲበሄሽት ብሎ ይጠራዋል፤ ከሚያዝያ 13 እስከ ግንቦት 13 ግድም ማለት ነው። እዚያ «ፀደይ» ያለ ምንም ጭንቀት ይገባል።

«በረዶ»ም ወጥመድ ነው። የደጋ አንባቢ የሚሰማው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። «በረዶ ዘነበ» ሳይሆን «በረዶ ዝም ብሎ ወረደ»፣ «ምድርን አለበሰ» በሉ። ግሡ ድምፁን ያጠፋዋል።

የሸዋ ልጅ

ከምድር ወገብ በታች ያለውን አትርሱ። የቺሊው ገጣሚ ኔሩዳ በ1924 የፍቅር ግጥሞቹ በ14ኛው መጨረሻ፣ ፀደይ በቼሪ ዛፎች ላይ የሚያደርገውን ባንቺ ላይ ላድርግ ይላል። የቺሊ ፀደይ ሴፕቴምበር ነው። እዚያ «መስከረም» ብትሉ ቀኑም ስሜቱም ይገጥማል።

ብራና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ ሼሊ ልመለስ። «መስከረም ይርቃል ወይ» ልኩ ይሞላል፣ ግን ዕንቁጣጣሽንና ደመራን ወደ ጣልያን ሰማይ ይዞ ይገባል፤ ግጥሙ የተጸነሰው ፍሎረንስ አጠገብ ነው። በቁርዬ ምክር የወር ስም ትቼ ስፕሪንግ የሚሠራውን ልጥራ ብዬ ሦስት ሞከርኩ፦

ክረምቱ ከመጣ፣ ብራውም ይርቃል ወይ?
ክረምቱ ከመጣ፣ ቡቃያው ይርቃል ወይ?
ክረምቱ ከመጣ፣ አበባው ይርቃል ወይ?

ዘመነ ጽጌ

«ብራ» ሰማዩን ብቻ ነው የሚያጠራው። የግጥሙን የመጀመሪያ ክፍል ተመልከት፦ ነፋሱ ዘሩን ተሸክሞ ወደ ጨለማ አልጋው ይወስዳል፣ ዘሩ እንደ ሬሳ በመቃብር ይተኛል፣ የፀደይ ነፋስ መለከት ስትነፋ ይነሣል። ጉዳዩ የዘር ነው። ለዚህ «ቡቃያ» የሚቀርብ ይመስላል፣ ግን እኛ ጋ ቡቃያ የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ፣ ክረምቱ ውስጥ ነው። «ክረምቱ ከመጣ ቡቃያው ይርቃል ወይ» ካልከው ተስፋ ሳይሆን የእርሻ መርሐ ግብር ሆነ። «አበባው» ይሁን።

ዋሽንት

«አበባው» ላይ እስማማለሁ፤ አ-በ-ባው-ይር-ቃል-ወይ፣ ስድስት። አንድ ነገር ብቻ፦ ሼሊ ከጥያቄው በፊት «አንተ ነፋስ» ብሎ ይጠራዋል። እሱን በፊተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ለብቻው አቁመው።

ብራና

አንተ ነፋስ፣
ክረምቱ ከመጣ፣ አበባው ይርቃል ወይ?

እንዲህ ወደ ረቂቁ ገብቷል። ነገ የሮማዊውን ገጣሚ የሆራስን በረዶ የሚሸሽበትን ግጥም አመጣለሁ፤ «በረዶ ሸሸ» ላይ ሐመረ ቃል አንድ ቃል እንዲጥልልኝ።